አፍ የሌላት ቴፕ

ገብረአማኑኤል፦ ድንጋዮቹን ከፀሐይ አንሣ፣ ረሺድ።

ረሺድ፦ ገና አልሞቁም።

ገብረአማኑኤል፦ የባትሪ ድንጋይ ነው እንጂ የበርበሬ ስጥ አይደለም።

ረሺድ፦ በርበሬም ፀሐይ ይወዳል፣ ድንጋይም ይወዳል። ጎን ለጎን አስጥቻቸው ተጣልተው አያውቁም።

ገብረአማኑኤል፦ ሳይንስ የሚባል ነገር አለ። ድንጋይ ኃይሉን የሚያገኘው ከውስጡ ነው፣ ከሰማይ አይደለም።

ረሺድ፦ አምና የሞቱት ግን ፀሐይ ሲያዩ ተነሡ።

ገብረአማኑኤል፦ ትንሣኤን ለእኛ ተወውና አንተ ድንጋዩን አንሣ።

ረሺድ፦ እኛም እንነሣለን፣ አታስብ።

[ክርክሩ የሚካሄደው አልዩ አምባ፣ ከረሺድ ሱቅ ጓሮ፣ ከቀትር ሶላት በኋላ ነው። ረሺድ የጨውና የበርበሬ ነጋዴ ነው፤ የተነገረውን ሁለት ጊዜ አስደግሞ በሦስተኛው ፈገግ የሚል ሰው። ገብረአማኑኤል የአንኮበር ደብተራ ልጅ ነው። በወጣትነቱ ደብረ ብርሃን አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ጥቂት ጊዜ ተቀምጦ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የማያውቀው ነገር ሊኖር እንደሚችል አስቦ አያውቅም። ዛሬ ቁልቁለቱን የወረደው ግን ሬዲዮ ሊጠግን አይደለም፤ ሽማግሌ ሆኖ ነው። ሟች ጓደኛው አደራ ያለውን ልጅ፣ የዙቤዳን ልጅ ዓወልን፣ ከረሺድ ወንድም ልጅ ከረሒማ ጋር ሊያጋባ። ቀበሌው በዚህ ሳምንት ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ሊመለምል ነው፤ ሚስት ያለውን ይተዋሉ እየተባለ ይወራል። ወሬ ነው፤ ሰው ግን ሲጨንቀው ወሬንም እንደ ምርኩዝ ይደገፈዋል። የረሒማ አባት አብዱልሀሚድ ያለው ጅዳ ነው፤ እሱ ሳይፈቅድ ኒካህ አይታሰርም። ከጅዳ ደግሞ በአንድ ሐጂ እጅ መዳፍ የምታክል ቴፕና አንድ ካሴት መጥተዋል።]

ገብረአማኑኤል፦ ወልደአረጋይ ሁለተኛ ሽማግሌ ሆኖ እየመጣ ነው። የአስር ሶላት ሳይደርስ ይወርዳል። እሱ መጥቶ ሲቀመጥ የአባቷ ቃል መሰማት አለበት። ዛሬ መልስ ይዘን ካልወጣን ዓወልን ከነገ ወዲያ የምናገኘው ጭነት መኪና ላይ ነው።

ረሺድ፦ የረሒማ ነገር ከሆነ፣ እኔ ራሴ…

ገብረአማኑኤል፦ አንተ አጎት ነህ። አጎት በኒካህ ከአባት በታች ነው። የአባት ቃል ከአባት አፍ ይሰማል።

ረሺድ፦ ልክ ነህ። ግን ቴፒቱ አፍ የላትም።

[ገብረአማኑኤል ቴፒቱን አገላብጦ አያት። እውነትም ድምፅ የሚወጣበት ወንፊት የላትም። ይህን ቀደም ብሎ አላየውም ነበር፤ ስለዚህ ቀደም ብሎ እንዳየው ሰው ራሱን ነቀነቀ።]

ገብረአማኑኤል፦ አፍ የላትም ማለት ዲዳ ናት ማለት አይደለም። አዲስ ሥሪት ናት። የምትናገረው አላት፣ አፍ ነው የሌላት። ያንተ አሮጌ ሬዲዮ ደግሞ ትልቅ አፍ አለው፣ የራሱ የሆነ የሚናገረው የለውም። ሁለቱን እናገናኛቸዋለን።

ረሺድ፦ ሬዲዮዬ እንደ ቀበሌያችን ሊቀመንበር ነዋ። አፍ አለው፣ ንግግሩ የሚመጣለት ከላይ ነው።

ገብረአማኑኤል፦ ድምፅህን ቀንስ።

ረሺድ፦ ገና አላገናኘኸውም እኮ። ማን ይሰማኛል።

[ሬዲዮው ከሱቁ ወጥቶ የጨው ከረጢት ላይ ተቀመጠ። እንደ ሣጥን የከበደ ነው። ከጀርባው ሁለት ሰፋፊ ቀዳዶች አሉት፤ በእነሱ የሸክላ ማጫወቻው ሽቦ ተሰክቷል። ከቴፒቱ ጋር የመጣው ሽቦ ግን ጫፉ አንዲት ቀጭን መርፌ ናት።]

ገብረአማኑኤል፦ በመጀመሪያ አሮጌው ይወገድ።

ረሺድ፦ የሸክላው ሽቦ ይሠራል እኮ።

ገብረአማኑኤል፦ ቢሠራም ይወገድ። አዲስ እንዲገባ አሮጌ መውረድ አለበት።

ረሺድ፦ ይህን ነገር ጃንሆይ የወረዱ ጊዜም ሰምቼዋለሁ።

ገብረአማኑኤል፦ ታዲያ አልወረዱም?

ረሺድ፦ ወረዱ እንጂ። ስኳሩም አብሯቸው ሄደ።

[ገብረአማኑኤል መለሰለት፤ በቃል ሳይሆን በቢላ። ሽቦው ጠብ አለ።]

ረሺድ፦ ቆረጥከው።

ገብረአማኑኤል፦ ነቀልኩት።

ረሺድ፦ እሺ፣ ነቀልከው። ቢላውን ለምን ያዝከው?

ገብረአማኑኤል፦ እንዲረጋ ነው። አሁን መርፌዋን ተመልከት። ይኸው፣ ገባች።

ረሺድ፦ ወጣች።

ገብረአማኑኤል፦ ገባች እኮ።

ረሺድ፦ መግባቱንማ ገባች። መቆየቱን ነው ያልወደደችው።

ገብረአማኑኤል፦ ቀዳዳው ሰፊ፣ መርፌዋ ቀጭን። ጥፋቱ የሬዲዮው ነው። አሮጌ ነገር አዲስ ሲመጣበት እንዲህ ነው፣ ያኮርፋል። ማን እንደመጣ አያውቅም፣ ለማወቅም አይፈልግም፣ ዝም ብሎ አፉን ከፍቶ ይቀመጣል።

ረሺድ፦ የሱን ነው የኛን ነው የምትነግረኝ?

[ገብረአማኑኤል ያልሰማ መሰለ። የሬዲዮውን ጀርባ እያየ ግን ቆይቶ ቆይቶ አንድ ጊዜ ተነፈሰ። ከዚያም መርፌዋን በቢላው ቆርጦ ጣለ፤ የሽቦውን ልጥ በጥርሱ ላጠ፤ ሁለት የመዳብ ጭራዎች አወጣ።]

ገብረአማኑኤል፦ የግራር እሾህ አምጣልኝ።

ረሺድ፦ ደብረ ብርሃንም የሚጠግኑት በእሾህ ነው?

ገብረአማኑኤል፦ ደብረ ብርሃን መሣሪያ አለ። እዚህ ያለኸው አንተ ነህ።

[እሾህ ከአጥሩ ተቆርጦ መጣ። አንዱ የመዳብ ጭራ በአንዱ ቀዳዳ፣ ሌላው በሌላው ገብቶ በእሾህ ተሸነቀረ። ሬዲዮው ከኋላው ሲታይ ወስፌ የተተከለበት የጃርት ግልገል መሰለ።]

ረሺድ፦ ካሴቱስ በየትኛው ፊቱ ነው የሚገባው?

ገብረአማኑኤል፦ ጽሑፍ ባለበት።

ረሺድ፦ ሁለቱም ፊት ጽሑፍ አለበት።

ገብረአማኑኤል፦ ቁም ነገሩ ባለበት።

ረሺድ፦ እንግዲያው ሳንሰማው በየትኛው እንደሆነ እንዴት እናውቃለን?

ገብረአማኑኤል፦ አታናግረኝ፣ ረሺድ። አሁን አንዱን ቁልፍ ልጫን ነው። ይህችን ቀይዋን ግን እንዳትነካት። የነኳት እንደሆነ በካሴቱ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ታጠፋለች።

ረሺድ፦ ቀይ ሰው እንደሚያጠፋማ አይተናል።

[ከዚህ ቃል በኋላ ዝም ማለት የዚያን ዘመን ጸሎት ነበር፤ ሙስሊምም ክርስቲያንም በአንድነት የሚያደርሰው። ከዚያ ገብረአማኑኤል ቴፒቱንም ሬዲዮውንም ከፈተ። አንድ የጠራ የወንድ ድምፅ ስለ ዘመኑ የምርት ዘመቻና ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም ማስረዳት ጀመረ።]

ረሺድ፦ አብዱልሀሚድ በጣም ተለወጠ።

ገብረአማኑኤል፦ ይህ አብዱልሀሚድ አይደለም።

ረሺድ፦ ስለ ማዳበሪያ ነው የሚያወራው። ጅዳ አሸዋው ላይ ምን ሊዘራ ነው?

ገብረአማኑኤል፦ ጣቢያው ነው፣ አንተ ሰው። ቁልፉን ወደ ሸክላው ማዞር አለብን።

ረሺድ፦ ሸክላውን ቆረጥነው አላልክም?

ገብረአማኑኤል፦ ሽቦውን ነው የነቀልነው። ቦታውን ማን ቆረጠው?

[ቁልፉ ዞረ። ማዳበሪያው ጠፋ። በምትኩ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚያገሣ በሬ ያለ ወፍራም ድምፅ ወጣ፤ ቃል ከቃል አይለይም።]

ረሺድ፦ ይህስ ማነው?

ገብረአማኑኤል፦ ወንድምህ ነው።

ረሺድ፦ ወንድሜ ድምፁ እንደ ፍየል ግልገል ቀጭን ነው።

ገብረአማኑኤል፦ ድምፅ ባሕር ሲሻገር ይወፍራል። የጨው አየር ነው የሚያወፍረው።

ረሺድ፦ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጨው ስነግድ ኖሬ ለምን አልወፈረም?

ገብረአማኑኤል፦ ያንተ የአፋር ጨው ነው። የባሕሩ ሌላ ነው።

[ሰው የማያውቀውን ሲያስረዳ ድምፁ ይረጋል፤ የሚያውቀውን ሲያስረዳ ግን ይጠራጠራል፣ ይመለሳል፣ ያርማል። ገብረአማኑኤል በዚህች ሰዓት ድምፁ እጅግ የረጋ ነበር። በውስጡ ግን አንድ ነገር ይከነክነው ጀምሯል፤ የግድግዳውም ጥላ ረዝሞ ወደ በሩ እየሄደ ነው፤ የአስር ሶላት ሊደርስ ነው።]

ገብረአማኑኤል፦ ድንጋዮቹ ደክመዋል።

ረሺድ፦ አንሣቸው ያልከኝ አንተ ነህ።

ገብረአማኑኤል፦ ሌላ የለህም?

ረሺድ፦ ሱቅ ውስጥ የነበረውን ቀበሌዎች ለስብሰባ ማጉያ ብለው ወስደውታል። ነከስ ነከስ ያደረጓቸው እንደሆነ ግን ይነቃሉ።

ገብረአማኑኤል፦ ይህ የእረኛ ሥራ ነው። ሬዲዮ የተማረ ሰው ድንጋይ አይነክስም።

ረሺድ፦ እኔ ነበርኩ የምነክስልህ፤ ጥርሴ አለቀ።

ገብረአማኑኤል፦ ደግሞ ዛሬ ረቡዕ ነው።

ረሺድ፦ ድንጋይ ያስገድፋል?

ገብረአማኑኤል፦ [አሰበ] ቅባት ካለው።

ረሺድ፦ ቅባቱን ጨርሶ አይደል እንዴ የደከመው።

[ገብረአማኑኤል ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ፤ ኩታውን በራሱ ላይ ጣል አደረገ፤ ነከሰ።]

ረሺድ፦ ጠንከር አርገህ።

ገብረአማኑኤል፦ እምም።

ረሺድ፦ ዓወልን እያሰብክ። እሱ ጦር ሠፈር የሚነክሰው ኮቾሮ ከዚህ ይብሳል።

ገብረአማኑኤል፦ [እየተፋ] ዝገት ዝገት ነው የሚለው።

ረሺድ፦ ሁለተኛውንም ቅመሰውና ፍረድ።

[ሁለቱም ድንጋዮች ተነክሰው ተመለሱ። ቴፒቱ አንድ ጊዜ አቃሰተች። ቀጥሎ እንደ ፍየል ግልገል የቀጠነ፣ ደስ የሚል የሰው ድምፅ ግቢውን ሞላው።]

የአብዱልሀሚድ ድምፅ፦ አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድሜ ረሺድ፣ እንደምን ከርመሃል። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ገብረአማኑኤል፦ ተናገረች። አየህ? ተናገረች።

ረሺድ፦ ዝም በል፣ ሰላም እየተባልን ነው።

የአብዱልሀሚድ ድምፅ፦ ባለቤትህ ኡሙሀኒ እንደምን አለች። ወገቧን ተሻላት ወይ። ልጄ ረሒማ እንደምን አለች። ዙቤዳ እንደምን አለች። ከመስጊዱ በላይ ያሉት ሁሉ እንደምን አሉ። ከመስጊዱ በታች ያሉትስ።

ገብረአማኑኤል፦ ይህ ሰው አልዩ አምባን ቤት ለቤት ሊዞር ነው። ድንጋዩ ያልቃል።

ረሺድ፦ ሰላምታ አይቋረጥም።

ገብረአማኑኤል፦ ወደፊት ላስሩጠው።

ረሺድ፦ ሰላም ሊባል ሲል የተዘለለ ሰው ቢሰማ ይቀየማል። ያንተም ሰላምታ ያልፍህ ይሆናል።

[ቁልፉ ላይ የነበረው የገብረአማኑኤል ጣት ቀስ ብሎ ተነሣ።]

የአብዱልሀሚድ ድምፅ፦ ሐመሯ በቅሎ እንደምን አለች። የአንኮበሩን ገብረአማኑኤልንም ካገኘኸው ሰላም በልልኝ። አሁንም ሁሉን ያውቃል?

ገብረአማኑኤል፦ ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ረሺድ፦ እሱ አይሰማህም።

ገብረአማኑኤል፦ አውቃለሁ። እንደው ለጨዋነት ነው።

የአብዱልሀሚድ ድምፅ፦ አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

[ገብረአማኑኤል ከተቀመጠበት ተነሣ። የሽማግሌ ነገር ነው፤ ቃል ሲሰጥ ቆመው ይቀበሉታል። ኩታውን አስተካክሎ አጣፋ። የዓወል እናት ጧት ደጅ ድረስ ሸኝታው ምንም ሳትል ጉልበቱን እንደነካችው ትዝ አለው።]

የአብዱልሀሚድ ድምፅ፦ ይህች የላክሁልህ ቴፕ አፍ የላትም። ከሬዲዮህ ጋር ስታገናኛት እንዲህ አድርግ። አደራህን፣ የሸክላውን ሽቦ እንዳትቆርጠው፤ ቀስ ብለህ ሳበው፣ ይወጣል። የቴፒቱንም መርፌ እንዳትነካት። ከካርቶኑ ሥር በጥጥ የተጠቀለለች ባለ ሁለት ጥርስ ማገናኛ አለች። መርፌዋን በማገናኛዋ ጀርባ ታስገባለህ፣ ጥርሶቿን ሬዲዮው ላይ ትሰካለህ። በቃ። ሕፃንም ይሠራዋል።

[አንደኛው እሾህ ከሬዲዮው ጀርባ ወጥቶ መሬት ወደቀ፤ ገብረአማኑኤል ድምፁ እንዳይቋረጥ ሽቦውን በጣቱ ያዘው።]

ገብረአማኑኤል፦ ረሺድ።

ረሺድ፦ አቤት።

ገብረአማኑኤል፦ ይህች ማገናኛ የምትባለው የት አለች?

ረሺድ፦ በጥጥ ተጠቅልላ ሳያት የጆሮ ጌጥ መስላኝ፣ ለረሒማ ሰርግ ብዬ አስቀምጬያታለሁ።

ገብረአማኑኤል፦ አንድ የጆሮ ጌጥ?

ረሺድ፦ ሌላዋ በሚመጣው ሐጅ ትደርሳለች ብዬ ነዋ።

ገብረአማኑኤል፦ ወንድምህስ ቢሆን። የሣጥኑን ቁልፍ ሣጥኑ ውስጥ ቆልፎ የሚልክ ሰው ዛሬ አየሁ።

የአብዱልሀሚድ ድምፅ፦ [እየወፈረ] የረሒማን ነገር በካሴት አላነሣውም። ካሴት ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። መልሱን ይህን ዕቃ ለሚያመጣልህ ሐጂ በቃል ነግሬዋለሁ። ከእጁ ዕቃውን፣ ከአፉ ቃሉን ትቀበላለህ። ወሰላሙ…

[ድምፁ እንደገና በሬ ሆነ፤ በሬውም ተኛ። ገብረአማኑኤል ሽቦውን እንደያዘ ቀረ።]

ገብረአማኑኤል፦ ሐጂው ዕቃውን ሰጥቶሃል።

ረሺድ፦ ይኸው፣ ይዘኸዋል።

ገብረአማኑኤል፦ ቃሉንስ?

ረሺድ፦ ቃሉን ነው ያስቀደመው። ገና ከበቅሎ ሳይወርድ።

ገብረአማኑኤል፦ መቼ?

ረሺድ፦ ባለፈው ወር።

ገብረአማኑኤል፦ ምን አለ?

ረሺድ፦ «ረሒማን ለዓወል ስጥ። ልጁ ሳይወሰድ ቶሎ በል» አለ።

[ገብረአማኑኤል የጨው ከረጢቱ ላይ ከሬዲዮው ጎን ተቀመጠ። ምላሱ ላይ የዝገቱ ጣዕም አለ። ልጁ ተርፏል፤ ይህን አወቀ፤ ደስም አለው። ደስታው ግን በሩ ላይ ቆሞ ሊገባ አልቻለም፤ ከፊቱ ሌላ ነገር ተገትሮበታል።]

ገብረአማኑኤል፦ እንደገባሁ ለምን አልነገርከኝም?

ረሺድ፦ አፌን ስከፍት አጎት ከአባት በታች ነው አልከኝ። እውነት ነው ብዬ ዘጋሁት።

ገብረአማኑኤል፦ መዝጋቱስ ይሁን። ስቆርጥ፣ ስልጥ፣ ድንጋይ ስነክስ ቁጭ ብለህ ታየኛለህ?

ረሺድ፦ ስማኝ፣ ገብሬ። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ሳይመላለስባት የተሰጠች ልጅ ምን ትባላለች?

ገብረአማኑኤል፦ «ምን ጉድ ቢኖርባት ነው» ትባላለች።

ረሺድ፦ አባቷ ባሕር ማዶ ነው። ስሟን የምጠብቅላት እኔ ነኝ። ዓወል ደግሞ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ የሚያመላልስበት ቀን የለውም፤ ቀበሌው አይጠብቅለትም። ወጉም እንዳይቀር፣ ልጁም እንዳይወሰድ፣ የሦስት ጊዜውን ድካም በአንድ ከሰዓት አደረግሁልህ። ከእንግዲህ ሰው ቢጠይቀኝ፣ «ሽማግሌው ድንጋይ እስኪነክስ ለምኖኝ ነው የሰጠሁት» እላለሁ። በዚህ አገር እንዲህ ተለምና የተሰጠች ልጅ የለችም።

[ገብረአማኑኤል ብዙ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። በሕይወቱ ያስተማራቸው ሰዎች አንድ በአንድ ፊቱ መጡ፤ ዝም ብለው ያዳመጡት ሁሉ። ስንቶቹ መልሱን ይዘው ነበር ያዳመጡት? አፉን መልሶ ዘጋ። ትከሻው ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ረሺድ አለቀሰ ብሎ ሲያጎነብስ ሲስቅ አገኘው።]

ገብረአማኑኤል፦ እና ሰጥተሃል።

ረሺድ፦ ሰጥቻለሁ። ኒካሁን ነገ ከቀትር ሶላት በኋላ እናስራለን።

[ከመስጊዱ የአስር አዛን ተሰማ። ወዲያው ከግቢው በር ውጭ አንድ ሰው ዱላውን ጣል አድርጎ በረጅሙ ሳለ።]

ገብረአማኑኤል፦ ወልደአረጋይ ደረሰ። ቁልቁለቱ አድክሞታል፤ ገብቶ ሳይቀመጥ እንንገረው።

ረሺድ፦ አንድ ሽማግሌ ብቻ ደክሞማ ወግ አይሞላም። ለመሆኑ እሱ ምን ያውቃል?

ገብረአማኑኤል፦ ወልደአረጋይ? ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ አልወድም።

ረሺድ፦ የኡሙሀኒ የልብስ ስፌት መኪና ከቆመች ከርማለች።

[ገብረአማኑኤል ጥቂት አሰበ። ከዚያ የእሾሁን ስንጥር ከኩታው ላይ አራግፎ፣ እንደ ሽማግሌ ኮራ ብሎ ሄደና በሩን ከፈተ።]

ገብረአማኑኤል፦ እንኳን ደኅና ገባህ፣ ወልደአረጋይ፣ እለፍ። የአባቷ ቃል መምጣቱንስ መጥቷል፤ ከዚያ በፊት ግን አንዲት የስፌት መኪና አለች፣ ያለ አንተ የሚያውቃት ጠፋ።